ከታፔላው ሥር ያለችው ስሜ

የሰርግ ካርድ ደርሷችሁ ያውቃል አይደል? እስቲ አንዱን ከመሳቢያ አውጡና አብረን እንየው። የሙሽራው ስም አለ። የሙሽሪት ስም አለ። የአባቶች ስም አለ፣ የእናቶችም አለ። አባት በሕይወት ከሌለ አጎት በቦታው ገብቷል። የአዳራሹ ስም፣ የሰፈሩ ስም፣ ለአቅጣጫ እንዲመች ደግሞ አጠገቡ ያለው ነዳጅ ማደያ ሳይቀር ተጠርቷል። ነዳጅ ማደያው ለሰርጉ ምን አደረገ? እዚያ ከመቆም በቀር ምንም። ካርዱን የሠራው ሰውስ? ያንን ወርቃማ ሐረግ ከጥግ እስከ ጥግ ያስኬደው፣ የሙሽራውን ረጅም ስም ከሙሽሪት አጭር ስም ጋር አስታርቆ አንድ መስመር ላይ ያስቀመጠው ሰው የት አለ? የለም። ስሙ የለም፣ ጥሪም አልደረሰውም።

ይኼን የምለው ሆድ ብሶኝ እንዳይመስላችሁ። የሰርግ ምግብ አላጣሁም። እንዲያው ነገሩ ይገርመኛል። ልብስ ሰፊው አንገትጌ ላይ ምልክቱን ይሰፋል። ፎቶ አንሺው የሙሽሪትን ጉንጭ ሊነካ እስኪደርስ ድረስ የስቱዲዮውን ስም ፎቶው ላይ ያትማል። የጭነት መኪና ሹፌር እንኳ፣ መኪናውን ሳይሠራው፣ የልጁን ስም ከኋላ አስጽፎ ከነቀምቴ ጅማ ይነዳል። እኛ ዲዛይነሮች ብቻ ምን ነክቶን ነው እንደ ሌባ አሻራችንን ጠርገን የምንወጣው?

አዎ፣ "እኛ" አልኩ። ሙሉነሽ እባላለሁ፣ የሚያውቀኝ ሁሉ ሙሉ ይለኛል። ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ውስጥ ትንሽ ማስታወቂያ ቤት አለችኝ። ካርድ፣ ታፔላ፣ ባነር፣ የመድኃኒት ቤት መስታወት ላይ የሚለጠፍ ስቲከር፣ የቡና ከረጢት ላይ የሚታተም ምልክት፣ ሁሉንም እሠራለሁ። ከተማችን ውስጥ ስትሄዱ ዓይናችሁ ካረፈበት ነገር የኔ ድርሻ ቀላል አይደለም። ጉራ አላችሁኝ? ይሁን። ዛሬ የመጣሁት ልኮራ ነው፣ ቀድሜ መናገሬ ነው።

ግራፊክ ዲዛይነር ነኝ ስል አንዳንዶቻችሁ በሆዳችሁ "አሃ፣ ኮምፒውተር ጸሐፊ" እንዳላችሁ አውቃለሁ። ደንበኞቼም እንደዚያው ናቸው። አጠገቤ ወንበር ስበው ይቀመጡና "እስቲ ትንሽ ቀይ ጨምሪበት" ይላሉ። እጨምራለሁ። "ኧረ በዛ" ይላሉ። እቀንሳለሁ። "አሁን ጠፋ" ይላሉ። መጨረሻ ላይ መጀመሪያ የሠራሁትን መልሼ ሳሳያቸው "ይኼ ነው እንጂ!" ብለው ይነሳሉ። ከዚያ በሩ ላይ ቆመው ለጓደኛቸው ምን ይላሉ መሰላችሁ? "የዛሬ ኮምፒውተር ጉድ ነው፣ የማይሠራው ነገር የለም።" እንግዲህ እኔ ወጥቼ ኮምፒውተሩን ብቻውን ልተውላቸውና ይዘዙት ይሆን?

መፈረም ያስጀመረኝ አባቴ ነው።

አባቴ አንገር ጉቲን ነው የሚኖረው። በደርግ ጊዜ በሰፈራ ከወሎ የመጡ ሰዎች ልጅ ነው፣ በቆሎና ሰሊጥ ያርሳል። ያ መንገድ ስለሚያንገላታው ነቀምቴ እምብዛም አይመጣም። አንድ ጊዜ ግን ሊጠይቀኝ መጣና ከመናኸሪያ ተቀብዬው በእግራችን ወደ ቤት መሄድ ጀመርን። እኔ እንደ ሕፃን ነው የሆንኩት። "አባዬ፣ ያ ፋርማሲ፣ ያ የኔ ሥራ ነው። ያ የጫማ ቤት፣ እሱም የኔ ነው። ያቺን ወፍ ደግሞ እያት፣ እኔ ነኝ የሳልኳት" እላለሁ። አባቴ እያንዳንዱ ታፔላ ሥር እየቆመ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ ከላይ እስከ ታች ቀስ ብሎ ያነባል። ከዚያ ጠጋ ይልና ጥጋጥጉን ይመለከታል። አላስችል አለኝና ምን እንደሚፈልግ ጠየቅኩት።

"ስምሽን ነዋ የኔ ዓለም። የታለ?"

"ስም አይጻፍም አባዬ።"

"ለምን?"

ለምን? እስቲ እናንተ ንገሩኝ። ስማር አልጻፍኩም፣ ስቀጠር አልጻፍኩም፣ የራሴን ስከፍት አልጻፍኩም። ማንም አልከለከለኝም፣ ማንም ደግሞ ጻፊ አላለኝም። አባቴ እንዲህ አለኝ፦ "እኔ ማሳዬ ላይ ስሜን አልጽፍም። ቢሆንም ያገሩ ሰው ሁሉ ሲያልፍ የማን ማሳ እንደሆነ ያውቃል፣ ካረምኩት ያመሰግነኛል፣ ካላረምኩት ያማኛል። ያንቺን ማን ያውቅልሻል? እኔ እንኳ ባትነግሪኝ አላውቅም ነበር።"

እሱ ወደ አንገር ጉቲን ተመለሰ። እኔ ከዚያ በኋላ ያለ ስሜ አንድም ሥራ አላወጣሁም። ከሥር፣ በቀኝ በኩል፣ አነስ አድርጌ፦ ሙሉ።

ቆንጆ አይደል? አጭር፣ የማያስቸግር፣ ለዓይን የማይከብድ። ችግሩ ሆቴል ቤት ላይ ስትጻፍ ነው።

በከኒሳ ቀሴ በኩል ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሰው ሆቴል አላቸው። ትልቅ ታፔላ አዘዙኝ። የሆቴሉን ስም በትልቁ ጻፍኩ፣ ከመሀል አልጋ ሳልኩ፣ ትራሱ ራሱ እንቅልፍ የሚያስመኝ። ከታች "ምቹ አልጋ" ብዬ ጻፍኩና፣ ከዚያው መስመር ጫፍ በቀኝ በኩል ፊርማዬን በቀይ አሳረፍኩ። ተሰቀለ፣ ተጨበጨበ፣ ሁላችንም ወደየቤታችን ሄድን።

ብዙም ሳይቆይ ኦቦ ገመቹ ማስታወቂያ ቤቴ መጡ። ሰላምታቸው ራሱ አጭር ነበር። እኛ አገር ሰላምታ ሲያጥር ነገር አለ ማለት ነው። ከብቱ፣ ልጁ፣ ዝናቡ ሳይጠየቅ "አካም ቡልቴ" ብቻ ብሎ ወደ ጉዳይ የሚገባ ሰው አደጋ ደርሶበታል። ይዘውኝ ሄዱ፣ ታፔላው ፊት ለፊት አቆሙኝ።

"ኢንተላኮ፣ ልጄ፣ በናትሽ የመጨረሻዋን መስመር አንብቢልኝ።"

"ምቹ አልጋ" አልኩ።

"ጨርሺው።"

"ሙሉ" ብዬ ጨረስኩ። ያኔ ገባኝ።

ኦቦ ገመቹ በመስኮት ሲያዩ ነው የከረሙት። እንግዳው ከመኪና ይወርዳል፣ ቦርሳውን ይዞ ይመጣል፣ ቀና ብሎ ያነባል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ወደ ጎረቤት ሆቴል ይሄዳል። "ምቹ አልጋ ሙሉ።" ምን ያድርግ ታዲያ? አንዱማ ለጓደኛው "እንዴት ያለ ሆቴል ቢሆን ነው ሁልጊዜ ሙሉ መሆኑን በቋሚነት ያስጻፈው!" ሲል በጆሯቸው ሰምተዋል።

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው አልሳቁም። ስምሽን አጥፊው አሉኝ። አላጠፋም አልኩ። እንግዲያው ስምሽን ቀይሪ አሉኝ። እሱን ያወጣው አባቴ ነው፣ እሱን ይጠይቁ አልኳቸው። የሰፈሩን አንድ ሽማግሌ ላኩብኝ። ሽማግሌውን በክብር ተቀብዬ፣ ስሜ ግን ከታፔላው እንደማይወርድ ነግሬ ሸኘሁ። በመጨረሻ ተስማማን። ስሜን ከአልጋው አራቅኳት፣ ከሥር ወደ ቀኙ ጠርዝ ወስጄ በቁም "ዲዛይን፦ ሙሉ" ብዬ ጻፍኩ። ፊርማዬ እንደዚያ ሆና ቀረች። ኦቦ ገመቹ ግን እምነታቸው ስላልተመለሰ ለተወሰነ ጊዜ ዘበኛውን በር ላይ አቁመው "አልጋ አለ! አልጋ አለ!" ያስብሉት ነበር።

ወሬው ከተማውን ዞረ። የሙያ ጓደኞቼ ሳቁብኝ። አንዱ ከልቡ አዝኖ መከረኝ። "ሙሉ፣ እኛ የማንፈርመው ሞኞች ሆነን ነው? ስህተት ሲገኝ እኮ የሚፈለገው ስሙ ያለበት ነው። ስም ከሌለ 'ማተሚያ ቤቱ ነው' ትያለሽ፣ 'ደንበኛው ነው' ትያለሽ፣ ነገሩ ያልፋል" አለኝ። እውነቱን ነው። አለመፈረም ትሕትና ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ መሸሸጊያ ነው። እሱ ያላሰበው ነገር ቢኖር፣ ሁሉም ሰው ተሸሽጎ አንዱ ብቻ ስሙን ካወጣ፣ ባለቤት ያጣ ጥፋት ሁሉ ወደዚያ ስም እንደሚሮጥ ነው። ለካ እኔም አላሰብኩትም።

ከተማችን ውስጥ አንድ አንጋፋ ትምህርት ቤት አለ። ስሙን ተዉት። የተመሠረተበትን በዓል ሊያከብር ተነሳና ኮሚቴ ተቋቋመ። ከጊምቢ፣ ከደምቢ ዶሎ፣ ከአዲስ አበባ የድሮ ተማሪዎች ሊመጡ ነው። እኔም እዚያው የተማርኩ ነኝና የበሩን ታፔላና የቲሸርቱን ሥራ ሰጡኝ። ከአዲስ አበባ በሚመጣው መንገድ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር የሚወጠረውን ትልቁን ባነር ግን የኮሚቴው ሰብሳቢ ኦቦ ዲንቃ "እሱን ለኔ ተዉት" አሉ። ተውኩት። ረሳሁትም።

እንግዶቹ የሚገቡበት ዕለት ጠዋት ስልኬ ጮኸ። ኦቦ ዲንቃ ናቸው። "ሙሉ፣ ምነው እንዲህ አዋረድሽን?" አሉና ዘጉት።

ሮጬ ሄድኩ። ባነሩ ሥር ሰው ተሰብስቧል። ባጃጆች ቆመዋል። ወንዶች ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ፣ ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ይስቃሉ። ቀና አልኩ።

አፋን ኦሮሞ ለማታውቁ ላስረዳ። "ባጋ ነጋን ዱፍተን" ማለት እንኳን በሰላም መጣችሁ ማለት ነው። በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ሲጻፍ "ዱፍተን" የምትለው ቃል ላይ ያለችው ኡ አጭር ናት፣ አንድ ፊደል ይበቃታል። ሁለት ጊዜ ከጻፋችኋት ድምፁ ይረዝማል። ድምፁ ከረዘመ ደግሞ እንግዶቹ መምጣታቸው ይቀርና፣ ባቄላ የበላ ሰው በስብሰባ መሀል እንዳያመልጠው የሚጨነቅበትን ነገር፣ እሱን በሰላም ስለፈጸሙት እንኳን ደስ ያላችሁ ማለት ይሆናል። ቃሉን በአማርኛ አልጽፈውም። ይኼ ጽሑፍም ስሜ አለበት።

ባነሩ ላይ ያቺ ኡ ሁለት ናት። እያንዳንዷ የሰው ቁመት ታህላለች። ከሥሯ ደግሞ "የተከበራችሁ እንግዶቻችን" ይላል።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ስደርስ ኮሚቴው ተሰብስቦ ይጠብቀኛል። ኦቦ ዲንቃ ቆመው ይናገራሉ። ከተማው ውስጥ ባነር ሲባል ሙሉ ነው፣ ሙሉ ሲባል ባነር ነው፣ ሌላ ማን ሊሠራው ይችላል ይላሉ። እኔ አልሠራሁትም እላለሁ፣ ማንም አይሰማኝም። ያኔ ከጎን የተቀመጠ አንድ ሰውዬ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በኦሮምኛ፣ "ቋንቋው የሷ አይደል፣ ምን ቸገራት። የሰፋሪ ልጅ፣ አላገጠችብን" አለ።

እስከዚያ ድረስ ነገሩ ያስቀኝ ነበር። ይኼ ግን አላሳቀኝም። እዚሁ ወለጋ ተወለድኩ፣ መጀመሪያ ያነበብኩት ፊደል ቁቤ ነው። ቤት ውስጥ የወሎ አማርኛ፣ ደጅ ኦሮምኛ እየተናገርኩ አደግኩ። ስስቅ በሁለቱም እስቃለሁ፣ ስናደድ ግን የሚቀድመኝ ኦሮምኛው ነው። ያን ዕለት ተናደድኩ። ምን እንዳልኩ ሁሉንም አላስታውስም። አጭሩን አሳጥሬ፣ ረጅሙን አስረዝሜ፣ የሚጠብቀውን አጥብቄ፣ አንዲትም ድምፅ ሳልስት እንደተናገርኩ ግን አውቃለሁ።

ስጨርስ ቀድመው የተናገሩት አዴ ላቱ ናቸው። እዚያው ትምህርት ቤት ኦሮምኛ ያስተማሩኝ፣ አሁን ጡረታ የወጡ መምህሬ። የኮሚቴው አባል ናቸው፣ እስከዚያ ድረስ አልተናገሩም።

"ስምሽን የት ነው የምትጽፊው?" አሉኝ።

"ከሥር፣ በቀኝ በኩል።"

"ተነሱ፣ እንሂድና እንየው" አሉ።

ሁሉም ተነሳ። አዴ ላቱ ፊት፣ ኮሚቴው ከኋላ፣ እኔ በመሀል እንደ እስረኛ። ባነሩ ሥር ቆምን። ከሥር በቀኝ በኩል ባዶ ነው። በግራም ባዶ ነው። ያ ሰውዬ ግን አልተረታም። "ስላፈረችበት ትታው ይሆናል" አለ።

ይኼን ሲል ከሰው መሀል አንድ ሳቅ ፈነዳ። ኦቦ ገመቹ ናቸው። ባነሩን ሊያዩ ከመጡት አንዱ ነበሩ።

"እሷ? ስሟን ልትተው?" አሉ፣ እንባቸውን እየጠረጉ። "ሰዎች፣ እኔ ለምኛታለሁ! ሽማግሌ ልኬባታለሁ! እንግዳ አባራብኝ እንኳ ስሟን አላነሳችም! ሆቴሌ ባዶውን ሲያድር ያልተወችውን ስም ለዚህ ትተወዋለች? ስሟ ከሌለበት የሷ አይደለም። እኔን ጠይቁኝ፣ የተቃጠልኩት እኔ ነኝ።"

ሰዉ ሳቀ። አዴ ላቱ አልሳቁም። ወደ ሰብሳቢው ዞረው፣ ተማሪ እንደሚጠይቁ አድርገው፣ "ዲንቃ፣ ኤኙቱ ሆጄቴ? ማን ነው የሠራው?" አሏቸው።

ኦቦ ዲንቃ ጫማቸውን አዩ። ባነሩን አዩ። እንደገና ጫማቸውን አዩ።

"የሚስቴ ወንድም ነው። አዲስ አበባ ነው ያለው። እሱ ኦሮምኛ አይጽፍም፣ እኔ በስልክ ነገርኩት።"

"በስልክ?"

"መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። እንዲሰማኝ ብዬ... ረዘም አድርጌ ነገርኩት መሰለኝ።"

እስቲ አስቡት። አንድ የተከበረ ሽማግሌ፣ ስልክ ጆሮው ላይ ለጥፎ፣ ከነቀምቴ እስከ አዲስ አበባ እንዲሰማ "ዱ...ኡ...ኡ...ፍተን!" እያለ ሲጮህ። አማቹም ታዛዥ ነው፣ የሰማውን ጻፈ። እንዲያውም ሁለት ብቻ በማድረጉ ሊመሰገን ይገባዋል።

ኦቦ ዲንቃ ወደ እኔ መጥተው እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ይቅርታ አሉኝ፣ በሰው ፊት፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። ኮራሁባቸው። ለትልቅ ሰው ቀላል አይደለም። እንግዲህ ነገሩ እዚያ ላይ አልቆ ወደ ቤቴ ልሄድ እችል ነበር። የኔ እንዳልሆነ ታወቀ፣ ስሜ ነጻ ወጣ፣ ምን ቀረኝ? ግን አውቶቡሶቹ መንገድ ላይ ናቸው። የሚገቡት ደግሞ እኔም የተማርኩበት ትምህርት ቤት እንግዶች ናቸው። መሰላል አምጡ አልኩ።

ከሱቄ ስቲከር አስመጣሁ። ሁለተኛዋን ኡ በባነሩ ቀለም ሸፈንኳት። ወረድ ብዬ ሳየው ቃሉ የፊት ጥርሱ እንደ ወለቀ ሰው ሆኗል። ክፍተቱ ይጮኻል። ያየ ሁሉ "እዚህ ጋ ምን ነበር?" ማለቱ አይቀርም፣ የነገረውም ሰው አይጠፋም። ስለዚህ ከአረንጓዴ ስቲከር የቡና ቅርንጫፍ ቆረጥኩና ከባነሩ ጫፍ እስከ ጫፍ በፊደሎቹ መሀል አሳለፍኩት። ቀያይ የቡና ፍሬዎች አድርጌ አንዳንዱን ክፍተቱ ላይ፣ ሌላውን በየቃሉ መሀል አንጠለጠልኩ። አሁን ክፍተት የሚባል ነገር የለም፣ ቡና ነው ያለው። ከታች ያለው ሰው አንገቱን ወደ ላይ ሰቅሎ ያያል።

ያ "የሰፋሪ ልጅ" ያለው ሰውዬ መሰላሉን የያዘልኝ እሱ ነበር። ማንም አላዘዘውም። ይቅርታ በአፉ አላለኝም። ንፋሱ መሰላሉን ሲያንገጫግጨው ግን በደረቱ ተጭኖ ይዞ እስክወርድ አልለቀቀም። እኔም እንደ ይቅርታ ቆጠርኩለት።

ከመውረዴ በፊት ግን አንድ ጉዳይ ቀረ። ልፈርም ወይስ አልፈርም? ከፈረምኩ፣ ያንን ቃል ጠዋት ያየ ሁሉ የኔ ነው ይላል። ካልፈረምኩ፣ ይኼ የሚያምር ቅርንጫፍ የማንም አይሆንም። ኦቦ ዲንቃ ከታች "ኧረ ተይው ኢንተላኮ፣ በኔ ጥፋት ስምሽ አይነሳ" ይላሉ። አዴ ላቱ ደግሞ "ጻፊ!" ይላሉ፣ ልክ ሰሌዳ ላይ እንደሚያስወጡኝ ጊዜ። "ያረመችው ሙሉ" ብዬ ልጽፍ አሰብኩ። ዝቅ ብዬ የኦቦ ዲንቃን ፊት ሳይ ተውኩት። ሰውዬው የዛሬውን ድርሻቸውን ጨርሰዋል። "ዲዛይን፦ ሙሉ" ብዬ ጻፍኩና ወረድኩ።

እንግዶቹ ሲገቡ አውቶቡሱን አስቆሙ። ለምን? ባነሩ ሥር ፎቶ ለመነሳት። ሽማግሌው፣ ወጣቱ፣ ድሮ አብረውኝ የተማሩት፣ ሁሉም እዚያ እየቆመ ተነሳ። ፎቶው በየስልኩ ሄደ፣ ከሥር በቀኝ በኩል ስሜ አብራው ሄደች። ፎቶውን ለአባቴ ላክሁለት። ደወለና "አየኋት" አለኝ። "አነስ አድርገሽ ነው የጻፍሻት፣ ግን አየኋት።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን አልነግራችሁም ብል ይሻላል፣ ምክንያቱም ጉራዬ ልክ ያጣል። ትንሽ ልንገራችሁ። ደንበኛው ሁሉ "ያንን ቡና አድርጊልኝ" ይላል። ጫማ ቤቱ ቡና፣ የውበት ሳሎኑ ቡና፣ ጎማ ጥገናው ቡና። "ስምሽንም አድርጊበት፣ ተለቅ አድርገሽ" የሚለኝ መጣ። ድሮ የሳቁብኝ የሙያ ጓደኞቼ እየፈረሙ ነው። ያ የመከረኝ ልጅ ፊርማው አሁን ከታፔላው ርዕስ ይበልጣል።

እንግዲህ እዚህ ላይ ባቆም ደስ ባለኝ። ነገር ግን ሰሞኑን ለሥራ ጊምቢ ሄጄ ነበር።

በመንገድ ስሄድ አንድ ሥጋ ቤት በር ላይ ታፔላ አየሁና ቆምኩ። በሬ ነው። በሬ ለማለት የተሳለ ነው። አንገቱ የግመል፣ ዓይኑ የሰው፣ ጀርባው ላይ ያለው ሻኛ ደግሞ ሊወድቅ ተንጋዷል። ከቀንዶቹ ላይ የቡና ፍሬ ተንጠልጥሏል። ከሥር በቀኝ በኩል፣ ጥንቅቅ ብሎ፦ "ዲዛይን፦ ሙሉ።"

ገባሁ። ባለቤቱ ቢላዋ እየሳለ ነበር፣ ሳቂታ ሰው ነው። በኦሮምኛ ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ከብቱንም ዝናቡንም ሳናስቀር። ታፔላውን ማን እንደሠራው ጠየቅኩት። ደረቱ ተነፋ።

"ሙሉ ነዋ! የነቀምቴው ሙሉ። አታውቂውም? እዚህ ድረስ ራሱ መጥቶ ነው የሠራልኝ።"

"ምን ዓይነት ሰው ነው?"

"ረጅም ነው። ጺም አለው።"

"ወንድሜ፣ ሙሉ እኔ ነኝ" አልኩት።

ቢላዋውን አስቀምጦ በርኅራኄ አየኝ። ሴት ልጅ መንገድ ደክሟት ይሆናል ብሎ ያሰበ መሰለኝ። "አንቺ? ሙሉን እኮ እጁን ጨብጬዋለሁ" አለ።

"ያ በሬ የኔ ሥራ አይደለም። እኔ እንዲህ ያለ በሬ አልስልም።"

"እሱማ ያንቺ አይደለም" አለኝ፣ ተስማማን ብሎ። "የሙሉ ነው። ማንበብ ትችያለሽ? ስሙ ከሥር ተጽፎ የለም እንዴ?"

ሰው ሥራውን በስሙ ይወቅ ብዬ አገር ያስተማርኩት እኔ ራሴ ነኝ። ሌላ መንገድ ሞከርኩ። እሺ፣ ሙሉ አልሁን፣ እንዲሁ አንዲት ዲዛይነር ልሁን፣ ያንን በሬ አንገቱን ላሳጥርለት፣ ሻኛውን ላቅናለት፣ ከቀንዱ ላይ ቡናውን ላውርድለት፣ ምንም ሳትከፍል በነጻ አልኩት። ቀለሜ መኪናዬ ውስጥ አለ አልኩት።

ፊቱ ተቀየረ። ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥቶ፣ በሩ ላይ ታፔላው ሥር ቆመ፣ እጆቹን ዘረጋ።

"እህቴ፣ አክባሪሽ ነኝ፣ ግን ሙሉ የሠራውን ማንም አይነካውም" አለኝ።

ልናደድ አሰብኩ። ከልቤ ሞከርኩ። ግን ሰውዬው ስሜን እንዲህ ደረቱን ሰጥቶ ሲጠብቀው እያየሁ እንዴት ልናደድ? አመስግኜው፣ ግማሽ ኪሎ ሥጋ ገዝቼ፣ ያንን መከረኛ በሬ አንድ ጊዜ ቀና ብዬ አይቼ መንገዴን ቀጠልኩ።